የሲስተር ሰዓት

ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። በነርስነት ተመርቃ አንድ ቀን እንኳ በሙያዋ ሳትሠራ ይህን ያህል ዘመን ሲስተር የተባለች ሰው ከእሷ ሌላ ያለች አይመስልም።

በተመረቀች ሳምንት እናቷ ደረጃ ላይ ወደቁ። ራጁ ስብራት አላሳየም፤ እግሮቻቸው ግን እምቢ አሉ። ሥራው ይቆየኝ አለች። ሲቆይ ሲቆይ አገባች፣ ወለደች፣ የሥራ ፈቃድ ፈተናውንም ሳትፈተን ቀረች። ዘንድሮ ግን አንዲት የክሊኒክ ኃላፊ ቦታ ያዘችላት። ይህን ዙር ካለፈች ትገባለች፤ ካመለጣት ቦታው የሌላ ሰው ነው።

አቧራቸውን አራግፋ ያነሳቻቸው መጻሕፍት እንግዳ ሆኑባት። የምትለማመደው እናቷ ላይ ነው። ሙቀት ትለካለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ቁስል እንዳይኖር ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን ትፈትሻለች። ያን ሁሉ ዓመት ተኝተው ቆዳቸው አንድ ቦታ አልተላጠም፤ ባታቸው እንኳ እንደ ጠነከረ ነው። ይሄ የእኔ እጅ ነው ብላ በልቧ ትኮራለች። እናቷም ይመርቋታል።

የማይመርቃት ባሏ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ሳይነጋ ይወጣል። አንድ ቀን፣ አለፍሽ እንበል፣ እናትሽ ጋር ማን ይውላል ብሎ ጠየቃት። ክፉ ንግግር አልነበረም፤ እሷ ግን ቂም ቋጠረችበት። ከዚያ ዋናው መጽሐፏ ጠፍቶ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተገኘ። ልጆቿ ወንበር ላይ ቢቆሙ እንኳ አይደርሱበትም። ባሏ አላየሁም ብሎ ማለ።

እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቤቱን ማን ይይዝልኛል ብሎ ይሆናል እንጂ ለክፋት አይደለም። ቻይው ልጄ" አሏት። ነገሩ አንጀቷ ውስጥ ገባ።

በፈተናው ዋዜማ አመሻሽ ላይ መቀመጥ አቃታት። ተኝታ እጇን ዘርግታ እንዳታጠፋው ባለደወል ሰዓቷን ሞልታ ኮሪደሩ ጫፍ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የአልጋ ቁስል ደረጃዎችን በቃሏ እየወጣች ኮሪደሩን ቀይ ሰም ቀባች። ባሏንና ልጆቿን እስኪደርቅ በጓሮ በር ተመላለሱ አለቻቸው።

ስትነቃ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች። ሮጣ ሰዓቱን አየችው። ይሠራል፤ የደወሉ ቁልፍ ግን ተጭኗል። ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ብትበርም የፈተናው በር ተዘግቶ ደረሰች። ዘበኛው አዘነላት፤ ትእዛዝ ነው እህቴ ከማለት ሌላ ግን የሚያደርግላት አልነበረም።

እዚያው በር ላይ ቆማ ለባሏ ደወለች።

"ደወሉን አጠፋኸው አይደል?"

"የቱን ደወል? ምን ሆነሻል?"

"በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ነገር ለራሴ ፈለግኩ። ማታ እንዳትመጣ። እህትህ ጋ እደር።"

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ጠላት ቢያደርገው እንዲህ አያንገበግባትም ነበር። አንድ ትራስ የተካፈለችው ሰው ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ እጃቸውን ዘረጉላት። ገና ሳትነግራቸው ገብቷቸዋል። ደወሉን እሳቸውም እንዳልሰሙ ነገሯት፤ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ እያሉ ፀጉሯን ዳበሷት። በዚህ ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት ብላ አሰበች።

እንባዋን ጠርጋ ቫዝሊኑን አነሳች። ጠዋት ስትጣደፍ የእናቷን ተረከዝ ሳታይ ነው የወጣችው።

"ዛሬስ ይቅርብሽ ልጄ፣ ደክሞሻል።"

"አንቺ ምን በወጣሽ እማዬ" አለችና ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጠችው።

ውስጥ እግራቸው ሁለቱም በቀይ ሰም ተለቅልቋል።