የእመት ለምን ሞግዚቶች

የመጀመሪያዋ ሞግዚት ወር እንኳ ሳትደፍን ሄደች።

"ምን አጎደልንብሽ?" አለቻት እናት በሩ ላይ ቆማ።

"እናንተማ ምን አጎደላችሁ።" ልጅቷ ሻንጣዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ቀና ብላ ማየት ከብዷታል። "ጥያቄው ነው ያቃተኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ጥያቄ! ጆሮዬ ራሱ ያመኝ ጀመር።"

እናት ዞር ብላ የአምስት ዓመት ልጇን አየቻት። ልጅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የአሻንጉሊቷን እግር በግድ ጓንት ውስጥ ታስገባለች። ቤት ውስጥ የምትጠራው "እመት ለምን" እየተባለች ነው። ዝናብ ለምን ወደ ላይ አይዘንብም? ዓሣ ለምን አይጠማውም? የፎቁ ሰውዬ ፀጉር ለምን ጥሎት ሄደ? ይህን የመጨረሻውን የጠየቀችው ራሱን ሰውዬውን ነው፤ ደረጃ ላይ አስቁማ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

እናት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ባንኮኒው ፊት ሰልፍ ስለማይጠፋ ስልኳን ጠዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ማታ ነው የምታወጣው። አባት ደግሞ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነው፤ የተጨፈለቀ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን፣ የተደረመሰ ጣሪያ ሲያይ ይውላል። ማታ ሲገባ ባትሪው የሞተ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ልጁን ብድግ ያደርጋታል፤ ግንባሯን በጉንጩ ይለካል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያያል፣ ከዚያ ይስማታል።

"ሄደች?" አለ።

"ሄደች። ጥያቄ በዛብኝ ብላ።"

"አይ ሰው!" ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ይሄ ምን ያስመርራል?"

ሁለተኛዋ ሞግዚት ጠንከር ያለች ነበረች። መንታ አሳድጋለች፣ ጎረምሳ ገርታለች። በተቀጠረች ማግስት እመት ለምን የሞግዚቷን ጫማ ውሃ ሞልታ የወረቀት ጀልባ ስታንሳፍፍበት ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። እናት "አሁን ገና ሰው አገኘሁ" አለች።

አንድ ቀን ማታ ስትገባ ቤቱ ጢስ ጢስ ይላል። ሞግዚቷ ያረረውን ድስት ይዛ ጠበቀቻት።

"እዚህ ቤት ድስት ጥጄ በደህና አውርጄ አላውቅም" አለች። "እጄ መቼ ሥራ ይይዛል? ገና ማማሰያ ሳነሳ ጥያቄ! ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ጥያቄ!"

"ምን ተብለሽ ነው የምትጠየቂው?"

"ተዪው እህቴ። ለአንቺ ባልናገር ይሻላል፤ የሰው ቤት አላበጣብጥም።"

ሞግዚቷ በዚያው ምሽት ሄደች፤ እናት አፍራ ሸኘቻት።

በማግስቱ ባልና ሚስት ልጃቸውን ሶፋ ላይ አስቀመጧት። የተናገረው አባት ነው።

"የኔ እመት፣ ሰው እኮ በጥያቄ ይሰለቻል።"

"ለምን?"

እናት ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ያዘች። አባት ግን ፈገግም አላለ።

"ሥራ የያዘን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው። ተይ፣ አሳርፊያቸው። አሁን የምትመጣውም ከሄደች እማዬ ሥራዋን ትተዋለች።"

ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበሩ፤ ሁሉም "እትዬ" ነው የሚሏቸው። እናት ገና ሲገቡ አስጠነቀቀቻቸው። "እትዬ፣ የኛ ቤት ጥያቄ ይበዛል። ይታገሡልኝ።"

"ልጅ ካልጠየቀ ማን ሊጠይቅ ነው?" ብለው ካፖርታቸውን ሰቀሉ።

እመት ለምን ዝም አለች። መጀመሪያ እናት ደስ አላት። ከዚያ ጭንቅ ያዛት። አንድ ቀን ማታ ፀጉሯን እያበጠረችላት፣ "ዛሬ የምትጠይቂኝ የለም?" አለቻት።

"የለም።"

"ስለ ዓሣስ?"

"ሰው ይሰለቻል" አለች ልጅ፣ አሻንጉሊቷን እያየች።

እናት ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባችና አለቀሰች። ቢሆንም ሞግዚቷ አልሄዱም፤ እሷም ሥራዋ ላይ ናት። ይለፍ፣ ትንሽ ከፍ ስትል ይመለሳል ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቋት። አባት ገና አልገባም። እመት ለምን የእትዬን ክንድ በሁለት እጇ ይዛለች።

"እትዬ! እርስዎም?" አለች እናት።

"አልቻልኩም ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ በሕፃን መሀል ኖሬ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ትናንት ፀሎት ላይ ሆኜ እንኳ አልተረፍኩም።"

እናት ተንበርክካ የልጇን ትከሻ ያዘች። "ምን ብለን ነበር? አልነገርንሽም? አሁን እኔ ምን ልሁን?"

"እኔ ምንም አልጠየቅኩም!" የልጅ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"አትዋሺ!"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ልጅቷን ምን አድርጊ ነው የምትያት? እሷማ ዱዳ መስላ ነው የምትውለው። ለምኜ ለምኜ እንኳ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።"

እናት የልጇን ትከሻ ለቀቀች።

ይኼኔ የእትዬ ካፖርት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ማን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ ድምፅ ማጉያውን ተጭነው ስልኩን የእናት መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ አሁንም እኔ ነኝ" አለ አባት። "ቅድም አስነጠሳት ያሉኝ፣ ቆማ ነው ተቀምጣ?"