ረጅም ጸሎት የሚያውቁት ጎረቤታችን

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸሎት ሲጀምሩ ሕፃናት ያንቀላፋሉ፤ ወጥም ይቀዘቅዛል። የጎረቤት ሠርግ ላይ "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አጠር ያርጉልን፤ ርቦናል" ብዬ ጎነተልኳቸው። የሚሰሙኝ መሰለኝ! ከአብርሃም ተነሥተው፣ ገና ያልተወለዱትን የሙሽሮቹን የልጅ ልጆች ሳይቀር ባርከው ነው የተቀመጡት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጃቸውን ሰናይትን ምጥ ጠንቶባት ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ብቅ አለና "ደሟ አልቆም አለን" ብሎ በጥድፊያ ተመለሰ። ኮሪደሩን የሞላነው ጎረቤቶች ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እኔም "ጋሼ፣ በሞቴ ይጸልዩልን፤ የፈለጉትን ያህል ያርዝሙት" አልኳቸው።

ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ። "የአብርሃም አምላክ..." አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። እንደገና ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጥለውን በደረጃው ወረዱ። ይወድቃሉ ብዬ ፈርቼ ውሃ ይዤ ተከተልኳቸው።

ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ የተከማቸበት ጥግ ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። እኔን አላዩኝም።

"ይቅርታ፣ ጌታዬ" አሉ፣ እንደ ሹክሹክታ በቀጠነ ድምፅ። "ተክሉ እባላለሁ። የሰናይት አባት ነኝ።"