ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ

ስንዱ ስትራመድ ሩጫ ነው። ባሏ ይርዳው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሲሄዱ ከኋላዋ መቅረት አመጣ። "ፍጠን እንጂ" ስትለው፣ "ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ" ይላታል። አብሯት መታየት ያስጠላው መሰላት። ተስፋ ብትቆርጥ፣ "በቃኝ፤ ልፈታው ነው" ብላ እህቷ ዘንድ አለቀሰች።

ዛሬ ረፋዱ ላይ መንገድ እንደጀመሩ የጫማዋ ታኮ ተነቀለ። ሁለቱንም አውልቃ ያዘችና፣ ቁርጡን ልትነግረው በባዶ እግሯ ቀስ ብላ ወደ እሱ ተመለሰች። ይርዳው መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ስትደርስ ዓይኖቹ እሷ ላይ ነበሩ፤ ትንፋሹ ይሰማታል።

"ስንዱ" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ "የት ነሽ? ኮቴሽ ጠፋብኝ።"