የበቅሎ ጫኝ ቋጠሮ

ተካልኝ ጥቅሉን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና «ፍታው» አለ።

እንግዳው ልጅ ጎንበስ ብሎ የቃጫውን ገመድ በአንድ ጫፉ ብቻ ሳብ አደረገው። ቋጠሮው ባንዴ ተፈታ። አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝና ጀርባው የተላጠ መጽሐፍ ቅዱስ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ጋሽ አየለ ዕቃውን አላዩትም። ዓይናቸው ገመዱ ላይ ቀረ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ነው፤ ኢስትሊ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ የየሺወርቅ ማረፊያ ቤት የኋላ ክፍል። ከውጭ የማታቱ ታክሲ ረዳቶች ተሳፋሪ እየጠሩ ይጮኻሉ። የጸሎት ማኅበሩ ሦስት ኃላፊዎች አዲስ የመጣውን ሁሉ የሚጠይቁት እዚህ ነው። እነሱ ካልፈረሙለት የስደተኛ ወረቀት ማግኘቱ ጭንቅ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ደግሞ ፖሊስ ያገኘው ቀን ወደ ድንበሩ፣ ወደ ሞያሌ ይመልሰዋል። ከሞያሌ ወዲያ ማን እንደሚጠብቀው የማያውቅ የለም። ግን ባለፈው ዓመት፣ በመዝሙሩና በእንባው ያመኑት አንድ ሰው ስማቸውን ለቅሞ ለደርግ ሰዎች አቀበለና የየሺወርቅ ወንድም አዲስ አበባ ታሰረ።

«አድነው ነው ያልከኝ?» አለች የሺወርቅ። «ጅማ ወንጌላዊያችሁ ማን ነበር?»

ነገራት። «አሁን ታስሯል» ሲል ጨመረ።

«የሁሉም ወንጌላዊ ታስሯል» አለ ተካልኝ። «ከእስር ቤት ውጭ የሚያውቅህ ሰው የለም?»

ልጁ ቀና ብሎ አየው። «አያቴ እዚህ አገር ነበር። የእናቴ አባት። ጣሊያን ጅማን ሲይዝ በቅሎ ጫኝ አደረገው። ኋላ ጣሊያንና እንግሊዝ ሲዋጉ እንግሊዝ ማርኮ ወደዚህ አመጣው፤ በዚያው ቀረ። ጫላ ይባላል።»

«ባንዳ ነበር በለኛ!»

«እናቴ በቅሎ ጫኝ ነበር ነው የምትለው።»

ተካልኝ ሳቀ። «እሱን እንኳ ለጋሽ አየለ ንገራቸው። ጣሊያንን ሸሽተው ኢሲዮሎ ካምፕ የተሰደዱ አርበኛ ናቸው። ጋሽዬ፣ ጫላ የሚባል ያውቃሉ?»

ያውቁታል። ከፊታቸው በቅሎ እየነዳ ስድስት ወር አብረው ሄደዋል። ሁለቱም በሬዎቻቸው ተወስደው፣ ልጆቻቸው ተርበው ነው ለጣሊያን ያደሩት። ሁለት የነጭ መንግሥታት የሰው አገር ሊቀራመቱ ሲታኮሱ ጥይቱን የተሸከሙት እነሱና በቅሎዎቹ ነበሩ። ቋጠሮውን ያስተማራቸው ጫላ ነው፦ አውሮፕላን ሲመጣ ጫፉን ትስበዋለህ፣ ጭነቱ ይወድቃል፣ በቅሎዋ ትተርፋለች። ምርኮኞች ሰፈር ውስጥ ወባ ሲገድለው የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ወደ አገር ሲመለሱ እሳቸው «ባንዳ» መባልን ፈርተው ቀሩ። መጀመሪያ ለጠየቃቸው ሐበሻ «ከኢሲዮሎ ነኝ» አሉት፤ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ በያመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ልጁን ግን ማን ላከው? ስም ከድሮ መዝገብ ላይ ይነበባል። ቋጠሮም ይጠናል። ምስጢራቸውን ቆፍሮ፣ በዚያ አስፈራርቶ ሊያሠራቸው የመጣ ቢሆንስ?

«አላውቀውም» አሉ።

ተካልኝ እስክሪብቶውን ከደነ። «እንግዲህ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ። ዕቃህን ሰብስብ።»

አድነው አልተከራከረም። ብርድ ልብሱን ጠቀለለ። ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙሮ ከሥር አሳለፈ፣ ቋጠረ። ከዚያ በመዳፉ ጥቅሉን ቸብ፣ ቸብ አደረገው።

ጋሽ አየለ ወደ ልጁ ጎንበስ አሉ። «ምን አደረግህ አሁን?»

«አሰርኩት፣ አባባ።»

«ቸብ ቸብ ያደረግኸውስ?»

ልጁ እጁን አየ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «እኔ እንጃ። እናቴ እንደዚያ ነው የምታስር።»

ይህን የጻፈ መዝገብ የለም። ጫላ ጭኖ ሲጨርስ የበቅሎዋን ጎን ሁለቴ ቸብ ካላደረገ አይነዳም ነበር።

ጋሽ አየለ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጥቅሉ አጠገብ በጉልበታቸው ወርደው ጫፉን ሳቡት፤ ተፈታ። ገመዱን ያዙት። አዙረው፣ ከሥር አሳልፈው፣ ቋጠሩት። ያው ቋጠሮ ነው።

«ጋሽ አየለ» አለች የሺወርቅ ቀስ ብላ፣ «ይህንን እርስዎ ከየት ያውቁታል?»

«ጫላ ነው ያስተማረኝ። ከፊቴ ነበር የሚነዳ።» ወደ ተካልኝ ዞሩ። «ለልጁ ፈርምለት።»

የሺወርቅ ዓይኗን ከልጁ ላይ አነሣች። ሲጠይቁት በዋሉበት በዚያው ዓይን እሳቸውን ትመለከት ጀመር።

ጋሽ አየለ ቀና አላሉም። መዳፋቸው ጥቅሉ ላይ ነበር፣ የደነገጠች በቅሎ እንደሚያረጋጋ ሰው።