አራት ጥንድ ስኪ

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሳህሉ። ካፖርታቸውን አላወለቁም፣ ባርኔጣቸውንም አላነሱም፤ ሳሎኑ መሀል ቀጥ ብለው ቆመዋል። አብሯቸው የመጣው ዘርይሁን፣ የሟች ባሏ ጓደኛ፣ እጁን አጣምሮ ምንጣፉን ያያል።

ጸሐይወርቅ ሽማግሌ እንደተላከባት ገባት። ግን በምን? በቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ የሚላከው ወይ ለጋብቻ ነው፣ ወይ ባልና ሚስት ለማስታረቅ። በስድሳ ሁለት ዓመቷ የሚያጫት የለም፤ የሚያስታርቋትም ባል ካረፈ ስድስት ዓመቱ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጥፍሯን የምትበላውን ልጇን ጸዮንን ዞር ብላ አየቻት። እናቷ በአማርኛ ስትጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ የቶሮንቶ ልጅ፣ ሽማግሌ መላኩን ከየት እንደተማረችው እግዜር ይወቅ።

«ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?»

«ያጠፋሽውንማ ግድግዳሽ ይናገራል።»

ሌላው ሰው የልጆቹን የምረቃ ፎቶ በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ አራት ጥንድ ስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተሰቅሏል። ጋሽ ሳህሉ ከላይ እስከ ታች ቃኟቸው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንቺ ጭራሽ አራት?»

«እኔ መች እወጣለሁ ጋሼ፤ እኔ የምወርድ ነኝ።»

ዘርይሁን ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «አምና አጥንትሽ ተሰበረ። ልጅሽ፣ ሬክስዴል ያለው ቤቴ ትግባና ልጡራት ብላለች። ይሄን ሁሉ ለሚፈልገው ስጪና ከልጅሽ ጋር በሰላም ኑሪ። ልመናችን ይሄው ነው።»

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለች ጸዮን። «ዶክተሩ በግራ ትከሻሽ ምንም እንዳትሸከሚ ብሎሻል። ከሆስፒታል ኮል ሲያደርጉልኝ ምን እንደሆንኩ አታውቂም።»

ይሄ ውሸት የለበትም። ጸሐይወርቅ ልትለዝብ ምንም አልቀራት። ነገሩን ያበላሸው እንግዲህ ዘርይሁን ነው፤ ሊያስማማ ብሎ። «ሦስቱን ስጪና አንዱን ለማስታወሻ አስቀሪው።»

ለማስታወሻ! እንዴት እንዳቃጠላት። ለማስታወሻ የሚቀመጥ የሞተ ሰው ዕቃ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ አገር በረዶ ሲጥል ፊቷን አጥቁራ መጋረጃ የምትዘጋ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተንሸራትታ ስትወድቅ የተወለደችበትን ቀን የምትረግም ሴት ነበረች። ባሏን በቀበረች በዓመቱ የሥራ ባልደረባዋ ብሩኪ እየጎተተች ኮረብታ ላይ አወጣቻት። ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ከዚያ ወዲህ በረዶ ሲጥል በመስኮት የምታየው፣ ዛሬ የየትኛው ስኪ ቀን ነው ብላ ለመለየት ነው።

«እርስዎ ለሰርግም ለለቅሶም አንድ ልብስ ነው የሚለብሱት ጋሼ?» ሰፊውን ጥንድ ዳበሰችው። «ይሄ ሌሊቱን ሲጥል ላደረ፣ ማንም ላልረገጠው ነው፤ ያንሳፍፈኛል። ያኛው መጋቢት ላይ እንደ ገንፎ ሲላላ። ይሄ የተቧጨረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ በረዶው ሳስቶ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ሲል፣ ድንጋዩን እሱ ይቅመስልኝ ብዬ እሱን ነው የማደርገው። አምና ለምን እንደተሰበርኩ ታውቃላችሁ? የረጋ ግግር ላይ በሰፊው ስኪ ወርጄ ነው። የግግሩ አልነበረኝም። ጠባቡን፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የተሳለውን፣ ያኔ ገዛሁት።»

«ከተሰበርሽ በኋላ?» ጸዮን ጮኸች።

«ፋሻው ሳይፈታ።»

ጋሽ ሳህሉ ጉልበታቸውን አሹ። ሶፋውን አየት አድርገው ተመለሱ። «እሺ በይን፣ ልጄ። ቆመን ነው የምንለምንሽ።»

ሽማግሌ ቆሞ እሺ ያላለችበት ቀን በዕድሜዋ የለም። አግቢ ሲሏት እሺ ብላለች። ተቀይማ ስትወጣ ተመለሺ ሲሏት እሺ ብላለች። ሐዘኗን ሳትጠግብ ጥቁርሽን አውልቂ ሲሏት እንኳ እሺ ብላለች። አሁንም ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። ጠባቡን ጥንድ ከግድግዳው አወረደች፣ የስኪ ጫማዋን ቦርሳ በጀርባዋ አዘለች፣ ስኪውን በቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ወዴት ነው?»

«ትናንት ዘነበ፤ ሌሊቱን ግግር ሆኖ አደረ። ዛሬ የዚህኛው ቀን ነው።»

«ሽማግሌ አቁመሽ?!»

«መቀመጫውማ ይሄው ጋሼ፤ እንቢ ያሉት እርስዎ ነዎት።» ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን ምን እንደሚላት ታውቃለች። ይበሉ። «ወጡ ምድጃው ላይ ነው፣ ጸዮን ታቅርብላችሁ። አንቺም ልጄ፣ ስለፈራሽልኝ አልቀየምሽም። ማታ ደህና ገባሁ ብዬ ኮል አደርግልሻለሁ። ግን ዳግመኛ ሰው እንዳትልኪብኝ።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በደረጃው ወርዳ፣ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ ጀመረች። መሀሉ ላይ ስትደርስ አላስችላት አለና ዞረች። የሳሎኗ መስኮት ከዚህ ቅርብ ነው። የጋሽ ሳህሉ ባርኔጣ እዚያው፣ መሀል ሳሎን ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። አጠገቡ የዘርይሁን መላጣ። ጸዮን ሳህን ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ባርኔጣው ነቅነቅ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ልክ ሶፋው ባለበት በኩል፣ ወደ ታች ወርዶ ከመስኮቱ ጠፋ። መላጣውም ተከተለው።

ጸሐይወርቅ እሺ አላለችም። ስኪውን ከቀኝ ትከሻዋ አንስታ በተሰበረው በግራው ላይ አደረገችው፣ ድልድዩንም ተሻገረች።