የምን ፉርጎ?

«ፉርጎ አምልጧል! ቁልቁለቱን ይዞ ወደ እናንተ እየመጣ ነው!» የላይኛው ጣቢያ ኃላፊ፣ ሽማግሌው፣ በስልክ ይጮኻሉ።

በታችኛው ጣቢያ መቆጣጠሪያ ክፍል አስተርጓሚዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። ባዕድ ነው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰማም።

«ዋገን አምልጦ እየመጣ ነው» አለችው፣ አፏ ላይ የመጣላትን።

ኢንጂነሩ አላመነታም። ሐዲድ ወደሚቀይረው ቁልፍ እጁን ሰደደ። ከጣቢያው በፊት የሚገነጠል መስመር አለ፤ መጨረሻው የድንጋይ ክምር ነው። እዚያ ገብቶ ይከስከስ! አለዚያ ጣቢያውን ሰንጥቆ ሊያልፍ ነው። ሰዉ ደግሞ ሐዲዱን እንደ ሰፈር መንገድ ያቋርጠዋል።

ጣቱ ቁልፉ ጋ ሲደርስ ነው የቃሉ ነገር ትዝ ያላት። በእንግሊዝኛ ዋገን ዕቃ የሚጫንበት ነው። ሰው የሚሳፈርበት ሌላ ስም አለው፤ ካሪጅ ይሉታል። በእሷና በሽማግሌው አፍ ግን ሁለቱም ያው ፉርጎ ነው።

«ጋሼ፣ የዕቃ ነው የሰው?»

«ፉርጎ ነው አልኩሽ እኮ!»

«የምን ፉርጎ? ሰው አለበት ወይ?»

«የሰው ነው እንጂ! ጽዳቶቹ እየወለወሉት ሳለ ነው ፍሬኑ የለቀቀው። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሴቶቹን አትርፉልኝ!»

«ካሪጅ!» የኢንጂነሩን ክንድ ይዛ ጎተተች። «ተሳስቻለሁ፤ ካሪጅ ነው! ሰው አለበት!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። በመስኮቱ ሐዲዱ ላይ የሚተራመሰውን ሰው አየ፤ እሷን አየ።

«እንግዲያው እነዚያን አስወጪልኝ» አለ።

ድምፅ ማጉያውን አፈፍ አደረገች። «ከሐዲዱ ውጡ! ዕቃችሁን ተዉት! ውጡ!» ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች ዘለለች። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ወርውሮ፣ ግራ ተጋብተው የቆሙ አዛውንትን በብብታቸው ይዞ ጎተታቸው።

ፉርጎው ባዶ በቀረው ሐዲድ ላይ የጣቢያውን መስኮቶች እያንቀጠቀጠ አለፈ።

ከጣቢያው ማዶ ያለው ዳገት ተቀበለው። ፍጥነቱ በረደ፤ እያቃሰተ፣ እየተንፏቀቀ ወጣና አናቱ ላይ ያለው ሜዳ ላይ ቆመ።

«ልጄ? አለሽ? ምን ሆኑብኝ?» ይላሉ ሽማግሌው በስልኩ።

ስልኩን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ተጠጋች። የፉርጎው በር ሲከፈት ታያለች። አንዲት ሴት ወረደች፤ ሌላዋን እጇን ይዛ አወረደቻት። የመጨረሻዋ ወርዳ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለች። መወልወያውን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ጓደኞቿ ቢጎትቱትም አልለቅ አለች።