የግራ ዓይን

ልጅቱ ከጭቃ የተሠራውን የዓይን ቆብ በስንጥር ጫፍ አንስታ ዓይን ሆኖ ከተተከለው የግራ ዶቃ ላይ አሳረፈችው። ትንፋሿን ይዛ ስክሪኑን አየች። የጭቃው ሰውዬ አሁንም የተኛ ነው የሚመስለው። ቆቡን መልሳ ላጠችው።

ደረጃው ተንቋቋ። ሳሉ ከኮቴው የሚቀድመው አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተከራይቷል፤ ዕቃውን ሊያወጣ የጭነት መኪና ከታች አስቁሟል። በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ብቻ አስገባ።

"ይሄ ሰውዬ ገና አልሞተም?"

"ገና ነው ጋሼ። እባክዎ እንዳይገቡ፣ ወለሉ ሲረገጥ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።"

"ሹፌሩ እኮ ቀድሞት ሊሞት ነው። በይ ቶሎ ገላግይው።" እያጉረመረመ ወረደ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የአባቷ የመጨረሻ አኒሜሽን ነው። ከማይደርቅ ጭቃ የተሠራ አናጢ፤ የከተማውን ሰው ሁሉ ለሬሳ ሳጥን ሲለካ ኖሮ፣ የሚለካው ሰው ሲያልቅበት ሜትሩን ወደ ራሱ ያዞረ። እንጨት እንዳይባክን ብሎ ሳጥኑን አሳጠረው። ሲጋደምበት እግሩ ወጣ። ተነሳ፣ አሰበ፣ መጋዙን አነሳ። ሳጥኑን ሊቀጥል ነው ሲባል የገዛ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጠ፤ ቁራጮቹን እንደ ትራስ ከራሱ ሥር አድርጎ ልክክ ብሎ ተጋደመ። ፊቱ ላይ ሥራው ያማረለት ሰው እርካታ አለ። የቀረው ዓይኑን መክደን ብቻ ነው።

ጭቃው በፀጉር ውፍረት ልክ ይነካና ፎቶ ይነሳል፤ እንደገና ይነካና ይነሳል። በነኩት ቁጥር ጣት አሻራውን ይተዋል፤ ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ የአናጢው ቆዳ ጉንዳን እንደወረረው ይርመሰመሳል። ሌላ ሠሪ ቢሆን ያለሰልሰው ነበር። አባቷ ግን "ተይው፣ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው በእሱ ነው" ይል ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን እሷ ተቀበለች፤ የእሷም ጣቶች የእሱን አሻራዎች አንድ በአንድ እየሸፈኑ ሄዱ። አሁን የቀረው የአውራ ጣቱ ነው፤ አናጢው ግንባር ላይ፣ የሚነካው ስላልነበረ።

የሞተ ሰው ዓይን አከዳደን ግን አላሳያትም። የሞከረችውን ሁሉ "ይሄ ተኛ እንጂ አልሞተም" እያለ ይመልስባት ነበር። ሆስፒታል ሲገባ "ስመለስ አሳይሻለሁ" እንዳለ ቀረ። ሲሞት አጠገቡ የነበረችው እናቷ ናት። እሷ እዚህ ነበረች፤ ንዝረቱ ጠረጴዛውን እንዳያነቃንቀው ስልኳን አጥፍታ።

ለፎቶው የተተከሉት አምፖሎች አንዴ ከተነሱ ብርሃኑ ዳግም አይገጥምም። ዛሬ ያልተከደነ ዓይን ከእንግዲህ አይከደንም።

እናቷ ባዶ ካርቶን ታቅፋ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ገባች። የዚህን ክፍል ሕግ ከልጇ በፊት ታውቀዋለች።

"ምን አቆመሽ?"

"ዓይኑ አልከደን አለኝ።"

እናቷ ካርቶኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወደ ጭቃው ፊት ጎንበስ ብላ ቆየች።

"ሁለቱንም አንድ ላይ ነው እንዴ የምትከድኚው?"

"አዎ።"

"እንደሱ አይደለም። የአባትሽ ቀኝ ዓይን እሺ አለኝ። ግራው ግን ተመለሰ።"

ስንጥሩ የልጅቱ እጅ ላይ ቀረ።

"በመዳፌ ከደንኩት፤ እጄን ሳነሳ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ደገምኩት። ደግሞ ተገለጠ፣ የሠራሁት ልክ መሆኑን የሚያይ ይመስል። አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ሥራ ልታርም ነው? አልኩት። ሳቄ መጣ። ነርሷ አበደች ብላ መሰለኝ ውኃ አመጣችልኝ።"

"እማ… ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደወልኩ፣ አላነሳሽም።" እናቷ ዓይኗን ከጭቃው አልነቀለችም። "ከዚያ በኋላ ደግሞ አልጠየቅሽኝም።"

ልጅቱ የቀኙን ቆብ አነሳች።

ቀኙን እያወረደች፣ ፎቶ እያነሳች ከደነችው። ግራውንም ከደነች። ከዚያ በፀጉር ውፍረት፣ በፀጉር ውፍረት ልክ እየገለጠች መለሰችው።

"አትቸኩይ" አለች እናቷ ከጎኗ። "ደንግጦ እኮ አይደለም፣ ታክቶት ነው። አዎ… እዚያ ጋ ቆም አድርጊው። ትንሽ ይየን።"

የመጨረሻው መክደን ሲደርስ ስንጥሩን ወደ እናቷ ዘረጋች። እናቷ አልተቀበለችም። አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቆቡን ወደ ታች ሳበች፣ ያዝ አድርጋም ቆየች፤ ጭቃ ከሚፈልገው በላይ። ጣቷን ስታነሳ ዓይኑ አልተመለሰም። ልጅቱ የመጨረሻውን ፎቶ አነሳች።

አጎቷ ሳያንኳኳ ገባ። "ሞተ?"

"ይመልከቱት ጋሼ።"

ፎቶዎቹ ስክሪኑ ላይ ሮጡ። ግራው ዓይን በስንፍና ሲገለጥ ከት ብሎ ሳቀ። "ወይ ጉድ! ይሄ እኮ ልክ…" አለና አልጨረሰውም። ዓይኑ ተከደነ። የአጎቷ እጅ ሳያስበው ወደ ራሱ ሄዶ ኮፍያውን አወለቀ።

የሚርመሰመሰው ቆዳ ጸጥ ብሏል። ግንባሩ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ፣ የግራ ዓይኑ ቆብ ላይ ሌላ።

ከታች ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ሦስቱም ወለሉን እንዳያነቃንቁ ባሉበት ቆመው ቀሩ።